የካፖርቱ ቀዳዳ

«ፍርሃትን የማያውቅ» ይላል ወረቀቱ፤
ማኅተም ያረፈበት፣ ጠርዘ ወርቅ ነው ፊቱ።
ኮሎኔሉ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያነበው፣
የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሣቄን ያዝኩት በግድ ነው።

እኔ እኮ አውቀዋለሁ፣ ኤልድሬድ ወንድሜን፤
የሚስ ታርልተንን ዝይ፣ ያንን ነጭ ጋኔን
ፈርቶ መንገድ ቀይሮ፣ ወንዙን ተከትሎ፣
ትምህርት ቤት የሚደርስ ጫማ አንጠልጥሎ።
ያ ዝይ አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲመጣ፣
ወንድሜ፣ ቁመተ ሎጋው፣ አጥር ላይ ነበር የሚወጣ።

ሌሊትም ፋኖሱን «እንዳታጠፊ» ይለኛል፤
«ለአንቺ ብዬ ነው» ይላል፤
ለእኔ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እንደማውቅም ያውቃል።

በሄደበት ዓመት ፖሙ ቅርንጫፍ ሰበረ።
መርከቡ ሁሉ ለጦር ነው፤ ወደቡ ባዶ ነበረ።
ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፣
አባቴ በአካፋ፣ እኔ በእጄ፣
ቀይ በቀይ ላይ እየደፋን።
ንቦች እስከ ውርጭ ድረስ አፈሩን ሲዞሩት ከረሙ፤
ታዝማኒያ እንደዚያ ዓመት አፈሯ ጣፍጦ አያውቅም።
ፍሬውን ቀብረን ነበር።
እሱን ግን አልቀበርነውም።

ቴሌግራሙን ያመጣው ዊልፍሬድ ነው፣ በብስክሌት፤
ደወሉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንዳይጮኽበት በዚያ ዕለት።
አባቴ መሰላል ላይ ነበር፣ ቅርንጫፍ እየገረዘ፤
አንብቦ ኪሱ ከተተው፤ መቀሱን ደግሞ ያዘ፤
ያቺን ዛፍ ሳይጨርስ አልወረደም።
እስከ ዛሬ ከረድፉ ሁሉ እንደሷ የተስተካከለ የለም።

ሜዳሊያውን እናቴ ደረት ላይ ሊሰካ
ኮሎኔሉ ጎንበስ ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል ለካ።
ካፖርቷ ወፍራም ነው፤ ሁለቴ ሳተ፤
በሦስተኛው ወጋ።
ቀና ብላ ዐየችውና «አይዞህ ልጄ» አለችው።
ሕዝቡ አጨበጨበ።
ሜዳሊያው ከአሮጌ አዝራሮች ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ።

ሐውልቱም ቆመ በአደባባዩ፤
ስሙ በአንዲት ፊደል ተሳስቶ።
ይታረም ብለው ሲመጡ አባቴ እምቢ አለ፦
«ተዉት፤ ምናልባት የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል።»

ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ክረምት ክሊፍ ማንሰል መጣ፤
አንድ እግሩን እየጎተተ።
ማዕድ ቤት ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን በጣቱ እያሽከረከረ፣
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ምንም አልተናገረ።
ከዚያ፦
«ወንዙን ሁለቴ ተሻገረ፤ ሁለቴ ቁስለኛ አዝሎ ተመለሰ።
እኔ ሁለተኛው ነኝ።
ለሦስተኛው ሊነሣ ሲል ከንፈሩ ዐመድ መስሏል፣
ጉልበቱ ይብረከረካል፣
መትረየሱ ከማዶ ያጓራል።
‹ይኸው ዝይው መጣ› አለኝና ሄደ።
ስንት ሌሊት አሰብኩበት።
ዝይ የሚባል መሣሪያ አላውቅም፤
እናንተ ታውቁ ይሆን?»

እናቴ ሣቀች።
እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ያልሰማውን ሣቅ፤
ሽርጧን ወደ ፊቷ እስክትስብ፣ ሣቁም መልኩን እስኪለውጥ ድረስ።
አባቴ «ፈረሱን ልየው» ብሎ ወጣ።
ፈረሱን ከሸጥነው ዓመት አልፎታል።

«ፍርሃትን የማያውቅ»?
ያውቀው ነበር እንጂ፤ በአንገቱ፣ በክንፉ፣ በድምፁ፤
ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ካፖርቱ ዛሬ የኔ ነው።
እጅጌውን ብል በልቶታል፤
በግራ ደረቱ በኩል ግን ብል ያልበላት አንዲት ቀዳዳ አለች።
እናቴ፣ የካልሲ ቀዳዳ የማታሳድር ሴት፣
ያቺን ሳትደፍን ሞተች።

እሑድ እሑድ ለብሼው እወጣለሁ።
ዝይው ከሞተ ስልሳ ዓመት ሆነው፤ የሚስ ታርልተን ደጅ ጋራዥ ሆኗል።
እኔ ግን በወንዙ በኩል ነው የምዞረው፣
ጣቴን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ፣
ከደቡብ ባሕር የሚመጣው ነፋስ
እንዳይገባ።