ላዕልና ታህት

ሳልሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፤
ወለሉ ገና እርጥብ ነው፤ እኔም አልቀመስኩ ራት።
ያዕቁብ ደብተር ታቅፎ ከኩሽናው ደጃፍ ቆመ፤
ነገ ፈተና አለበት፤ ዐይኑ በእንቅልፍ ደከመ።
«እናቴ ስልክ ላይ ናት። አስጠኚው ዛሬ ቀረ።»
ይህን የነገረው ለኔ አይደለም፤ ለፍሪጁ ነበረ።

በሳሙና እጄ ገለጥኩት። ቁጥሩ ከቀኝ ይነሣል፤
ግማሽ ሲደመር ሲሶ፣ ‹ሁለት አምስተኛ ይሆናል›።

ይህን ስሕተት አውቀዋለሁ ከነመልኩ፣ ከነስሙ፤
ሐይቅ፣ ሰባተኛ ‹ለ› ክፍል፣ ስልሳ ሁለቱም ሲደግሙ፤
ላዕሉን ከላዕል ደምረው፣ ታህቱን ከታህት አክለው፣
ደብተር ያነሡልኝ ነበር «ልክ ነው አይደል ቲቸር?» ብለው።

ቲቸር።
ይህን ስም እዚህ ቤት የሰማ ሰው የለም ከቶ፤
እታለማሁም ረዘማቸው፤ ‹አሊማ› ቀረ ራሱ ተቀልቶ።
‹የእኩል ምልክትን የተሻገረ ቁጥር ምልክቱን ይለውጣል›
ብዬ ስንቴ አስጽፌያለሁ፤ በባሕር እንደሚሠራ ግን ማን አስቦት ያውቃል?
ደመር ሆኜ ተሳፈርኩ፤ ቀነስ ሆኜ ወረድኩ።
እዚህ የማይታወቀውን ቁጥር ‹ሲን› ብለው ይጠሩታል፤
ደመወዝ ሲቀነስ ሃዋላ፣ ሲቀነስ የደላላ ዕዳ፤
የኔ ሲን ይኸው፤ ስንት ይሆናል?

ከራት የተረፈ ኩብዝ ነበር፣ በላስቲኩ እንዳለ፤
ሁለት አወጣሁ። ክብ ናቸው፤ በኮምፓስ እንደተሳለ።
«ግማሹ የቱ ነው?» አልኩት፤ አንዱን ከመሃል ከፈልኩ፤
«ሲሶውስ?» ዝም አለ። ሌላውን ሦስት ቦታ ቆረጥኩ።
«እኩል ያልሆነ ቁራሽ አብሮ አይቆጠርም» አልኩት፤
በ‹አምጪ›ና በ‹ውሰጂ› ዐረብኛ፣ እንዴት እንደሆንኩ ያስረዳሁት!
አያቴ ሲሶን ያወቀው ከጥቁር ሰሌዳ አይደለም፤
ከአውድማ ነው፤ ባለመሬት ሲሰፍር ስሕተት የለም።

ታህት የሚለው ቃል ጠፋኝ፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁ።
«እሱ ‹መቃም› ነው የሚባለው» አለኝ። ደንግጬ ቀረሁ።
መቃም? ከፍ ያለ ቦታ? ማዕረግ? የክብር መቆሚያ?
በኛ ‹ታህት› ነው፤ የበታች፤ የላዕል መሸከሚያ።
ከመስመሩ በላይ ሳሎን፣ ከመስመሩ በታች ኩሽና፤
ስለኔ የተጻፈ መስሎኝ ሳቅ አመለጠኝና
«ምን ያስቅሻል?» አለ ልጁ።
«ምንም። ይልቅ ቢላውን ያዝ።»
ግማሹን ለሦስት ቆረጠ፣ ሲሶውን ደግሞ ለሁለት፤
አንድ ክብ አድርገን ገጠምነው፤ አንዲት ቁራሽ ጎደለችበት።
አምስት ስድስተኛ። ጻፈው። ሰረዘው። ደግሞ ጻፈ።
ቀና ብሎ ዐይኔን አየኝ፤ እስከ ዛሬ ፍሪጁን ነበር ያለፈ።

‹ሁለቱ ማዕዘን ታውቋል፤ ሦስተኛውን ፈልግ› ይላል
ቀጣዩ ጥያቄ። አዛጋ። «ይሄም እኮ ነገ ይመጣል።»
ከጀምዒያው ደረሰኝ ላይ ሦስት ማዕዘን ቀደድኩለት፤
ሦስቱን ጫፎች ገንጥዬ ጎን ለጎን ገጠምኩለት፤
ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። «ሁሌ?» አለኝ። «ሁሌ» አልኩት።
ተገንጥሎ፣ ተበታትኖ፣ የሰው ጠረጴዛ ላይ እንኳ ቢያስቀምጡት።

ማማ ዱሐ መጣች፤ ስልኳ ገና ጆሮዋ ላይ ነው።
ደብተሩን አላየችም። «ይህን ሁሉ ኩብዝ ማነው
የቆራረጠው?» አለች። ልጁ እኔን አየ፣ እሷን አየ፤
«ሂሳብ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ ከጎኔ ሆኖ ዘገየ።

ስትሄድ ጠብቆ፦ «መቃሙ ዜሮ ቢሆንስ?»
ይህን ሐይቅ ላይ ሙህዲን ብቻ ነበር የጠየቀኝ፤
መልሱ ያኔ ከመጽሐፍ ነበር፤ ዛሬ ወገቤ አስታወቀኝ።
«ትርጉም የለውም» አልኩት። «ሚሊዮን ከላይ ብትጽፍም፣
ከሥሩ ዜሮ ካለ ምንም ነገር አይተርፍም።»

መልሱን እየበላ ሄደ፤ አምስቱን ስድስተኛ፤
እጁን ሳይታጠብ ይሆናል የተኛ።
እኔም ለራቴ የቀረውን ቆሜ ቆጠርኩ፦
ሰባት ስድስተኛ።
ከአንድ ይበልጣል።