ድርድር

ኬዮን ላይ ዝናብ ነው፣ ከትናንት በስቲያ የጀመረ፤
ቆርቆሮውን እየወቀጠ ሌሊቱን ሁሉ ያደረ።
ዶሚቲላ ናዌልኪን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ብቻዋን ከጥቁር ገጽ ፊት፤ ነጫጭ ፊደላት።
ሥዕል የለ፣ መስኮት የለ፣ በጣት የሚነካ የለ፣
ጠቋሚው ብቻ ይጠብቃል፣ ብልጭ ድርግም እያለ።

«እንዴት አመሻችሁ?» ብላ ጠየቀች ባጭር መስመር።
ዩ፣ ዩ፣ ሰረዝ፣ ዩ። ይኸው ነው የአራቱ ዲስኮች ነገር።

ሰረዙ ሦስተኛው ነው፤ ከማታ ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው።

በአራቱ ውስጥ የሃያ ዓመት የዓሣ ነባሪ ድምፅ አለ፤
ከኮርኮቫዶ ባሕር ታች፣ እናት ስትጣራ፣ ልጅ «አቤት» እያለ።
ተካፍለው ነው የያዙት፤ አንዱም ሙሉውን አያውቅም፤
አንዱ ቢወድቅ ግን ሦስቱ አስልተው የሟቹን ቃል አያጡትም።

እዚህ ደሴት ላይ ሚንጋ አለ። ጎረቤት ይጠራል፤
ቤት ከነጣራው፣ ከነመስኮቱ፣ በበሬ ይጎተታል፤
በጀልባ ይሻገራል፣ ማዶ ይተከላል።
ደቦ ነው በኛ አፍ፤ ባለቤቱ ሥጋና ድንች ያበላል።
ሰባት ዓመቷ ነበር የነሱ ቤት ውሃ ሲሻገር፤
መደርደሪያ ላይ የረሱት ብርጭቆ ማዶ ደረሰ፣ ሳይሰበር።

«ወድቋል በለው» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «አውጣው» አለች።
አዲሱን ከካርቶን መዝዛ ጣቷ ላይ እፍ አለች።
የገባችው በ‹ሩት› ነው፣ በሥሩ፤ ከሥር በላይ ሥልጣን የለ፤
«እርግጠኛ ነሽ?» የሚል የለም፤ የታዘዘው ይሆናል፣ እንደተባለ።
ይኼ ‹ሲ›፣ ያ ‹ዲ› ቢባልም፣ ስም እዚህ አይታመንም፤
ማሽኑ ተኝቶ ሲነሣ ማን ማን እንደሚባል አይታወቅም።
ስለዚህ በፕላስተር ላይ የጻፈችውን ቁጥር
ሦስቴ አነበበችው፣ ትንሿ ጣቷ ኢንተር ላይ ስትጠብቅ፣ ሳትደፍር።

ተጫነችው።

አራት ከመቶ። የቀረው ሰባት ሰዓት ከሩብ።
ሦስቱ አሮጌዎች ይተርካሉ፣ አዲሱ ይጽፋል እንደ ደረሳ፤
አንዱ ተራኪ ዛሬ ከደከመ፣ ቤቱ መሀል ባሕር ቀረ፣ ተረሳ።

ድርድር ይባላል ይኼ አሰላለፍ፤ ስሙም አይዋሽም፤
ከሞት ጋር ነው፦ «አንድ ውሰድ» ይሉታል፣ «ሁለት ግን አንሰጥም።»

ከሷ በፊት የነበረው ባልዶሜሮ፣ ጥንቁቁ ሽማግሌ፣
አንድ ቀን «አጥፋ» ብሎ ጻፈ፤ መሀል ላይ አንዲት ክፍት ቦታ፣ በስሕተት።
የአንድ ክረምት ድምፅ ሄደ። አራቱም ጤነኞች ነበሩ፤
ዩ፣ ዩ፣ ዩ፣ ዩ። ለማጥፋቱም እኩል ተባበሩ።
ድርድሩ ከሞት ጋር ነበር፤ ከጌታው ጋር አልነበረም።

ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፈው እስካሁን አለ፦ «ወደ ሌላ ቤትም ውሰጂ።»
ማን እንደምትመጣ ሳያውቅ፣ «ውሰጂ» ብሎ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ሰረዙ ፊደል ሆነ።
ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከዝናብ ልብሷ ሥር ሸጉጣ፣
ቾንቺ እህቷ ጋ ልታስቀምጥ፣ አውቶቡስ ልትይዝ ወጣች።
የሞተው ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ነው።
ማግኔቱን የእህቷ ልጅ ጠይቋታል።