የቫይዶታስ ኅዳግ

ሰኞ ነው። ወደቡ በረዶ ለብሶ፣
የክሬኖቹ አንገት በጉም ተቀንሶ፣
ስኪርማንታስ ገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣
እንዲህ አለኝ ቆሞ፣ ዓይኔን ሳይጠብቅ፦

«ኮዱ ተሸጠልን፣ ርክክቡ ዓርብ ነው፤
ማስታወሻው ይውጣ፣ ገዢም አያንብበው።
የሃያ ዓመት ሐሜት፣ ስድብና ቀልድ፣
ከምርቱ ጋር አለ፣ ተደባልቆ እንደ ግርድ።
ዘጠኝ መቶ ፋይል! በእጅ አይለቀምም፤ ወንፊት ሥሪ፣ ኡግኔ።»
«ቀላል ነው» አልኩታ! ቸኩዬ ነው እኔ።

ሕጉ አጭር ነበር፦ ሁለት ሰያፍ ጭረት
ጎን ለጎን ከቆሙ፣ እስከ መስመሩ ጫፍ ይውጣ ያለ ምሕረት፤
ሰያፍና ኮከብ በሩን ከከፈቱ፣
ውስጥ ያለው ይታረም፣ በኮከብና ሰያፍ እስኪዘጋ ቤቱ።

ማሽን ግን ዕውር ነው፣ በበትር ይሄዳል፣
አንዷን ፊደል ዳስሶ ወደ አንዷ ያልፋል፤
አንድ ሰያፍ ሲነካ ይቆማል በእግሩ ጫፍ፦
«ይቺ ማካፈል ናት? ወይስ መንትያ አላት ከሚቀጥለው ደጃፍ?»

ማክሰኞ አስኬድኩት። ኮምፓይለሩ አበደ፣
ስክሪኔ ከላይ እስከ ታች በቀይ መስመር ነደደ።
ክሬኖቹ ነፋስ የሚጠይቁበት አድራሻ ነበረ፣
ከሁለት ነጥብ ኋላ ሁለት ሰያፍ ይዞ፤ ወንፊቴ እዚያ ላይ ከአንገቱ ሰበረ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ
የገባ ቃል ሁሉ፣ ደወል እንደደወለ ስደተኛ፣ አይነካም፣ አይላጥ።
ወንፊቴን መከርኩት፦ «ጥቅስ ሲከፈት ስታይ ጥርስህን ሰብስብ፣
እስኪዘጋ ድረስ ሁሉንም አሳልፍ፣ ዝም ብለህ አንብብ።»
ረቡዕ እኩለ ሌሊት፣ ከስንት ልመና፣
ዘጠኝ መቶው ፋይል፣ ራሱን እንደተላጨ ምልምል፣ ተሰለፈ፣ ሙሉ ጤና።

ግርዱን ግን አልጣልኩም። ለማመሳከሪያ
ለብቻው ሰጥቼው ነበር አንድ ፋይል፣ ማደሪያ።
አሥራ አንድ ሺህ መስመር። ቫይዶታስ ነው ሁሉ፤
እኔ ፊደል ስቆጥር በዚህ ወንበር ያነጋቸው ሌሊቶች በሙሉ።

«ይህን ቁጥር አትንኩት። ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም።»

«ጊዜያዊ ነው፤ ሰኞ አስተካክለዋለሁ።»
(የአሥራ ሰባት ዓመት ሰኞ።)

«ዛሬ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ሁለቴ አንብቡ።»

«ሦስተኛው ክሬን ሽማግሌ ነው። ነፋስ ከባሕር ሲመጣ
ገመዱ ዘግይቶ ይረጋል። ሁለት ሴኮንድ ታገሡት።
ሮሙልዳስ እግሩን ያጣው በዚህች ሁለት ሴኮንድ ነው።»

ያቺን እንደጨረስኩ ንጹሑን ፋይል ከፈትኩ።
እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር አለች። ብቻዋን።
ንባቡ ተርፎ ትርጓሜው ታርሟል።

ነገ አንድ ፈጣን ልጅ፣ ሮተርዳም ተቀምጦ፣
«ይህ ሁለት ሴኮንድ በከንቱ ነው» ይላል፣ ይጥለዋል ቆርጦ፤
አለቃው ይሸልመዋል፣ ጊዜ አተረፈ ብሎ፤
የማን እግር ይሆን ከኮንቴይነሩ ሥር የሚያመሸው ውሎ?

ሐሙስ ደወልኩለት። ኒዳ ነው፣ በጡረታ፣
ዓሣ በጭስ ያደርቃል፣ ከጀልባው ሞተር ጋር ሲሟገት ጠዋት ማታ።
«ስንት ሆነ?» አለኝ። «አሥራ አንድ ሺህ።» ሳቀ፣ ሳሉ እስኪያፍነው፦
«አጥፊው፣ ልጄ። ለማሽን ብዬ መች ጻፍኩት፤ ብቸኝነት እኮ ነው!»
ከዚያ ዝም አለ። ባሕሩ በስልኩ ይሰማል።
«ሁለቷ ሴኮንድ ግን... አለች?»
«አለች» አልኩት። «ምክንያቷ ግን ጠፍቷል።»

ሕጉን አልጣስኩም። ዓርብ፣ ርክክቡ ሳይደርስ፣
ያችን የእሱን ቃል አንስቼ አስገባኋት በትእምርተ ጥቅስ፣
ክሬኑ ሲነሳ በሾፌሩ ስክሪን ላይ የምትወጣ መልእክት አድርጌ።
ወንፊቴን እንደገና አስኬድኩት።
ደረሰባት፣
ጥርሱን ሰበሰበ፣
አለፈ።

ስኪርማንታስ ቆጠረ፦ «ማስታወሻ፣ ዜሮ።»
ፈረመ።
በመስኮቱ ማዶ ሦስተኛው ክሬን ኮንቴይነር አንጠልጥሎ
አንድ፣
ሁለት፣
አወረደ።