የቀለም ዘመድ

ከሆምስ ከተማ፣ ከአሲ ወንዝ ዳርቻ፣
ስሙ ዋኪም ነበር፤ ዋኪም ነበር ብቻ።
ሌላ ዋኪም ነበር መንደሩ ውስጥ ደግሞ፣
ዱቤ በልቶ 'ሚሸሽ፣ ተበድሮ ከርሞ፤
ዕዳው ተቀላቅሎ ቢያስቸግር ጊዜ፣
ባለሱቆች ዞሩ ወደ መላ ዘዴ፦
«የትኛው ዋኪም ነው?» «ያ እጁን ያየኸው፣
እስከ ክርኑ ድረስ ኒል የነከረው።»
ሰባግ አሉት። ነካሪ ማለት ነው ትርጉሙ፤
ከዱቤ መዝገብ ላይ ተወለደ ስሙ።

ጋን ሙሉ ቅጠል ነው፣ የበሰበሰ ኒል፤
ሽታው ከሰው ቀድሞ መንገድ ላይ የሚውል።
ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ከጋኑ ይወጣል፣
ነፋስ ሲነካው ነው ሰማይ የሚመስል።
እሱ ይሄን ተአምር በቀን ስንቴ አይቶ፣
አላለም አንድ ቀን «ጉድ ነው!» አፉን ከፍቶ።

ሲሞት አጣቢዎቹ ክንዱን ቢፈትጉት፣
በሳሙና፣ በአመድ፣ ሊያነጡት አልቻሉት።
«ተዉት፣» አለ ቄሱ፣ «አይታጠብም ስሙ፤
ይሂድ ወደ ጌታው እስከነቀለሙ።»

በቆርቆሮ ታሽጎ ቀለም ከጀርመን መጣ፤
ጋኑ ሥራ ፈታ፤ ውሻ ከርሱ ጠጣ።
ሦስት ልጆቹ ሄዱ፣ እጃቸው እንደነጣ።
ሳልሙን እስክንድርያ ጥጥ ሲሸጥ አረጀ፤
ተውፊቅ ዳካር ገብቶ ለውዝ ቤት አበጀ።
የሁሉም ታናሹ፣ ነዕማን፣ አያቴ፣
ኮሎምቢያ ወረደ፤ ይሄኛው ነው ቤቴ።

ወደብ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ፤
«ሰባግ» የሚለው ስም ጆሮውን ቆረቆረ።
የመጨረሻው ድምፅ፣ ጉሮሮ ውስጥ ያለው፣
በእስፓንያ ፊደል መቀመጫ የለው።
ቀኑም ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜን በቋንቋው
ሳባዶ ነው 'ሚሉት፤ ጻፈው እንዳወቀው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ነው ሆኖ
ጨርቅ ሸጠ በሲኑ ዳር፣ አህያ ጭኖ።
«ቅዳሜ መጣልን!» ሲሉት ማክሰኞ ቀን፣
ይስቅ ነበር አሉ፣ ጥርሱን ነክሶ ግን።
በሁለት ጊደር ዋጋ ጠበቃ ያዘና
ስሙን አስመለሰ፤ አንካሳም ቢሆን፣ ደኅና።

አባቴም ጨርቅ ሸጠ፣ ነጭ ነጩን ለይቶ፦
ለአልጋ፣ ለክርስትና፣ ለከፈን አብዝቶ።
የስሙን ትርጓሜ ስጠይቀው ማታ፣
«ነጋዴ ማለት ነው» አለኝ ሳያመነታ።
እውነቱን የሰማሁ ከአክስቴ ከናጅላ፣
አልጋዋ ላይ ሆና ብርቱካን ስትበላ።
ማስረጃ አልነበራት ከገዛ አፏ በቀር፤
እኔም አልፈለግሁም፤ ይበቃኝ ነበር።

አምና ሞንቴሪያ፣ ከዓይን ሐኪም ደጃፍ፣
ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ላቤ ሲንጠፈጠፍ፣
«ሰባግ!» ብላ ጠራች ነርሷ ደጁን ከፍታ።
ሁለት ሰው ተነሣ፣ ባንድ ስም፣ ለአንድ ቦታ።

ሃይሰም ይባላል፤ ማይካዎ ነው ከተማው፤
መቁጠሪያው ከጣቱ፣ አዛን ነው የሚያቆመው።
እኔ በማርያም ስም የተጠመቅሁ ልጅ።
ጥርሱን ገለጠልኝ፦ «እስቲ ዘር እንቁጠር፣ ወዳጅ።»
ሰባት ቤት ቆጠርን ወንበር ላይ ተቀምጠን፤
ሁለት ቀረን፣ ደግሞ አንድ ቀረን፣
ጨረስን።
የሱ ሰዎች ሰይዳ፣ የኔ ሆምስ ናቸው፤
አንድ ጠብታ እንኳን ደም አላገናኛቸው።

«የናንተ ምን ነበር?» ቢለኝ፣ «ኒል ነው» አልኩት።
«የኛ ቀይ ነበረ፣ ከሥር የቀቀሉት።
አይሁድ ሰባግ ነበር የአያቴ ጎረቤት፣
ቢጫ የሚነክር፣ ቤሩት ሳለን፣ ያኔት።
ሦስታችን ለሦስት ጸሎት ቤት ብንሆን፣
የደም አይደለንም፤ የቀለም ዘመድ ነን።»

«የትኛው ሰባግ ነው?» ነርሷ ተሰላቸች።
«ሰማያዊው ይቅደም» ሲላት አፍጣ ቀረች።

ስወጣ አገኘሁት ወረቀት ሲሰጡት፤
ዓይኑ መስመር አያይ፤ በጣት አስፈረሙት።
አውራ ጣቱ ገባ ከቀለሙ ሰፍነግ፤
ፈረመ፣ ሰማያዊ፦ ሃይሰም ሰባግ።
በመሐረብ ጠረገው፤ በምራቁ አሸው፤
አልለቅ ሲለው ጊዜ ወደ መስኮት ያዘው፣
አገላብጦ አየው፣
ከዚያ፣ እንዳገኘ ዕቃ፣ ኪሱ ውስጥ አስገባው።