ስንዝር

ኅዳር ነው፣ ገና አልነጋም፤ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣
የጓሳ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል።
ትናንት ያጠብነው አንሶላ ሽቦ ላይ እንደ ሳንቃ ደርቋል፤
ደርቋል ስል፣ በርዶ ነው። ሲያጥፉት ይሰበር ይመስላል።
ለሃያ ሁለት አልጋ ሠላሳ አንሶላ አለን፤
እየቆጠርን እናነጥፋለን፣ እየቆጠርን እናጥባለን።

ሰባተኛው አልጋ ረጥቦ አድሯል።
እሱም ያውቃል።
ዐይኑን ጨፍኗል፣ ግን የተኛ ሰው
እንዲህ ጨብጦ አይዝም ብርድ ልብሱን፣
እንዲህ አይቆጥብም ትንፋሹን።
«እንደምን አደሩ?» ብዬ ስለ ውርጩ አወራሁ፣
ስለ ገብስ ዋጋ፤ ስለ ሽንቱ አላነሳሁ።
ይህን ያስተማረችኝ ሲስተር ብርቅነሽ ናት፦
«ሰው ተኝቶበት እያለ አልጋ ሲነጠፍለት፣
መጀመሪያ ሐፍረቱን ነው የምትሸፍኝለት።»

ጥግ ጥጉን ፈታሁ። ክንዱን ደረቱ ላይ አጠፍኩ፤
አንድ እጄን ከትከሻው፣ አንዱን ከዳሌው አሳረፍኩ፤
«አንድ፣ ሁለት» ብዬ ወደ ግድግዳው አዞርኩ።
እርጥቡን ጠቅልዬ ከጀርባው ሥር ወሸቅሁ፤
ላስቲኩን በበረኪና ወለወልኩ፣ ደረቁን ዘረጋሁ፣
የቀረውን አጥፌ ከጥቅሉ ጎን አስጠጋሁ።
አሁን ፍራሹ መሐል አንዲት ጉብታ አለች፣
ወዲህ ንጹሕ፣ ወዲያ እርጥብ፣ እንደ ወሰን የቆመች።

ወሰን።
የመጣ ዕለት ነው ካርዱ ላይ ስሙን ያነበብኩት፦
ወንድይራድ ሸዋንግዛው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት።
የአባቴ የማሳ ጎረቤት፤ የወሰን ድንጋያችንን
በየክረምቱ፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ የሚያንፏቅቅብን፤
አምና ስንዝር፣ ዘንድሮ ስንዝር፣
አባቴ በሬ ሸጦ ሲከራከር።
የሞተውም ከቀጠሮ ሲመለስ ነው፣ በእግሩ፣ በዝናብ፤
ከኪሱ የወጣው ወረቀት በስብሶ የማይነበብ።

ዛሬ ወንድይራድ ያለው መሬት ሁለት ክንድ በአራት ነው፤
እሱም የመንግሥት ነው።

ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል፤ እጄ ተገታ።
ጀርባው በብርድ ተንዘረዘረ፣ አጥንቱ ሁሉ በተርታ፤
ጀርባ ስም የለው፤ ማንም ሊሆን ይችላል ለአፍታ።

ለብ ባለ ውሃ አበስኩት፣ አደረቅኩት፣ ቅባት ቀባሁ፤
«ጉብታ አለ፣ ይሻገሩት» ብዬ ወደ እኔ ሳብኩት።
ተሻገረ። አቃሰተ። ዞሬ ከወዲያ በኩል
እርጥቡን አወጣሁ፤ ንጹሑን ወጠርኩት፣
በመዳፌ እየሄድኩ ሽብሽቡን አጠፋሁት።
ምሕረት እንዳይመስላችሁ።
ሽብሽብ ቁስል ያወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ፣ ከቤት የመጣ ባናውን ሳለብሰው።
በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ ነው።
ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።
«የጌታነህ» አልኩት።
«የጌታነህ ወልደጻድቅ፤ ከላይኛው ማሳ።»
ጣቶቹ ባናው ላይ ቀሩ። ዐይኑ ጣሪያው ላይ። አልተናገረም።
ባልዲዬን አነሳሁ። እኔም አልጨመርኩም።
የስምንተኛው አልጋ አስታማሚ ብቻ
አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች፣ ምንም አልገባትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ አንሶላ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ
ገባሁ፣ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ።
ገና «አንድ» ሳልል ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣
በሌላው እጁ የአልጋውን ብረት አንቆ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣
ራሱን አዞረ።
ከዚያ፣ ቦታው በቂ ሆኖ ሳለ፣
በዳሌው እየተገፋ ወደ ጠርዙ አለ፤
አንድ ስንዝር።
ቆየት ብሎ፣ እያለከለከ፣ ሌላ ስንዝር።

«ይበቃል» አልኩት። «ይበቃል፣ ይወድቃሉ።»

እንዳልሰማ ሆኖ
አሁንም ፈቀቅ አለ።