ች ያለቀባት መኪና

አቃቂ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በላስቲክ በጠገንኩት ጥላ
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ቆጠርኩ፣ የሰው በደል በገጽ ስሞላ።
መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ጥርሶቿ አንዳንዱ ረግፏል፣
ከሁሉ ግን «ች» አልቃለች፤ ቅርጿ ከብረቱ ጠፍቷል።
ፊደል እንዲሁ አያልቅም፤ ፊደል በከንቱ አያረጅም፤
«ነገረች»ን፣ «ጮኸች»ን፣ «ታመመች»ን ያልጻፈ ሰው አያውቅም።

ሐምሌ ነበር፣ ማክሰኞ ቀን፤ ከቱሉ ዲምቱ በላይ
ካልተለሰነው ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት ካልገባለት ሕንፃ ላይ
ጠዋት ትርሲት መጣች፣ ከእናቷ ነጠላ ሥር ተሸጉጣ፤
አስጠኚዋ ነው የበደላት፣ በሒሳብ ደብተር የመጣ።
ጻፍኩ፤ ጣቴ ያውቀዋል፤ መልኩን በቃሌ ነው የያዝኩት፤
አንቀጹን፣ ንኡስ አንቀጹን፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ ነው ያስቀመጥኩት።
እናቷ «ስንት ይፈረድበታል?» አለች። ቁጥሩን ነገርኳት፤ ረጅም ነው።
ሽማግሌ እንደሚላክባት፣ ቀጠሮ እንደሚገፋ ግን አልነገርኳትም፤
ያም ረጅም ነው።

ከሰዓት ኦቦ ደገፋ መጣ፣ የብሎኬት ፋብሪካው ዘበኛ፣
ልጁን ኦብሳን አስከትሎ፤ ዐሥራ አራት ዓመት፣ ስምንተኛ።
የዚያው ሕንፃ ልጅ፣ የዚያው ክፍል፣ ከትርሲት ጋር ዴስክ የሚካፈል፣
ሸሚዙ እንደሷ ሰማያዊ፣ ዐይኑን ከጭቃው የማይነቅል።
አባት ወደ መንገዱ እያየ፣ አፉን በእጁ እየከለለ፣
«ሱቅ የሚያግዛት ሴትዮ…» አለኝ። ቀጥሎ ምንም አላለ።
ከጎኔ ጫማ የሚያስጠርግ፣ አንድ ጆሮ ረጅም፣ ሳቀ፤
«ታዲያ ምን ሆነ? ወንድ አይደል? ዕድለኛ ነው!» ልጁ ደረቀ።

ስሙ በቋንቋቸው ትዕግሥት ነው አሉ። ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ ጣቢያውም
በስሙ ሲጠሩት ኖረዋል፤ ከ«ቻለው» ሌላ አልሰጡትም።

የጠዋቱን ጽሑፍ ከፊቴ ዘረጋሁ፤ ያው ነው ብዬ፤
«ተበዳይዋ»ን «ተበዳዩ» ልል፣ «ች»ን ላሳርፍ ከመኪናዬ።
ቀላል መስሎኝ ነበር። አንቀጹ ግን አብሮኝ አልዞረም፤
ሕጉን ገለጥኩ። በዳይ ሴት፣ ተበዳይ ወንድ ሲሆን
ቁጥሩ ያው አልነበረም።
አጥሯል፤ ታጥቦ እንደተኮማተረ እጅጌ።
«ስንት?» አለኝ አባት። መነጽሬን ጠረግኩ፣ ላለመመለስ ፈልጌ።

ሕግ የምትጽፉ ሰዎች፣ እኔ የእናንተን ቃል ገልባጭ ነኝ፤
ሰዋስው ግን እንጀራዬ ነውና አንድ ነገር ከነከነኝ።
«ልጅ» የሚል ቃል አለን፤ ጾታ የለውም ብቻውን ሲቆም፤
ግስ መጥቶ እስኪከፍለው ድረስ ሴትም ወንድም አያስቀድም።
«ልጅ ታመመ»፣ «ልጅ ታመመች»፤ የሚለየው ጭራው ነው፤
ሕመሙን የተሸከመው ግንድ፣ ተመልከቱት፣ ያው ነው።
ከትርሲት አንዲት ቀን አትቀንሱ፤ እሷም ገና አላገኘችም፤
በወረቀት የረዘመላት እግር አውጥቶ ቤቷ አልደረሰም።
እሱን ለመሸፈን ከሷ ጋቢ አትቅደዱ፤ ሌላ ፍተሉ፤
ብርድ ወንድ ሴት አይልም፤ ልጅን እኩል አልብሱ፣ በሉ!

አመሻሽ ላይ ዝናቡ በረታ። የኦብሳን ማመልከቻ ጨረስኩ።
«ተበዳይ ልጅ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ከዚያ በላይ ጭራ አልቀጠልኩ።
ዳኛው «ጾታ ይገለጽ» ብለው ይመልሱት ይሆናል፤ ይመልሱት፤
እኔም መልሼ እጽፈዋለሁ፤ እስኪሰለቹ ያንብቡት።

«ይቺ ፊደል የት ሄደች?» አለ ልጁ፣ ጣቱን ባዶው ቁልፍ ላይ አኑሮ።
«ሴት ልጆች ጨረሷት» አልኩት። ቆየ፤ ጠብታ ቆጠረ አቀርቅሮ።
«ትርሲትም?» አለኝ።
የሰው ምሥጢር ነው፤ አልመለስኩም።
ላስቲኩን ወደሱ ሳብኩ። ለሁለት ይበቃል፤ አልጠበበንም።