ባዶዋ ካርድ

መጀመሪያ ያወረድነው የሳሎኑን ረጅም አምፖል፤
ለኛ ዝም ያለ ነው፤ ለዮቶር ግን
እንደ ተነካ ቀፎ ኮርኒሱ ላይ ይጮኻል።
ቀጥሎ ከሸሚዙ አንገት ማርኳን በምላጭ ፈታናት፤
ጥፍር የማታክል ጨርቅ፣
ቀኑን ሙሉ እሾህ ሆናበት።

አልጋውን ከባጃጅ ተራው አዙረን ለሽምብራ ማሳው ሰጠን፤
ሌላ ብሎክ እስኪበቅልባት፣ ይህችን ማሳ ያቆይልን።

ኮዬ ፈጬ ነን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል፤
ውሃው ከቀረ፣ ለሱ
ማክሰኞ ራሷ የቀረች ይመስለዋል።
ከማካሮኒ ካርቶን ካርድ ቆረጥን፤
ጀሪካን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አውቶብስ፣ አንሶላ ሳልን፤
አንዷን ግን ባዶዋን ተውን።
«ላይመጣ ይችላል» ማለት ናት።
እሷን ለማስተማር ዓመት ፈጀብን።

መሳቢያው ላይ ማንኪያ አለ፤ ውዳላት የሳለችው ካልሲ ዳክዬ ይመስላል፤
ዮቶርም «ዳክዬ» ብሎ ይከፍትና ካልሲውን ያወጣል።
ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጋቢ የጋረድናት ዋሻ አለች፤
እዚያ ሲገባ አይጠራም። ሕጓ ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም እሷ፣ ይህቺው አንዲቷ በቃች።

ከላያችን ያሉት ወይዘሮ ድንቄ ቤት ሊያዩ መጡ፤
«ልጅ በቁንጥጫ እንጂ በሥዕል ያድጋል?»
ብለው ከንፈር መጠጡ።
በሳምንቱ ግን ሙቀጫቸውን ከአናታችን አንስተው ምድር ወረዱ፤
ምንም አላሉንም። በርበሬውን ደጅ ወቅጠው ሄዱ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ብዬ ነው ያልኩት።
ቁልፌን በአንድ ሚስማር መስቀል የጀመርኩት፣
ሰው ሲበዛ ጥግ የምፈልገው፣
በልጅነቴ ሱፍ ሹራብ አልለብስም ብዬ
«ቀበጥ» ተብዬ የተገረፍኩት፣
ያ ሌላ ነገር ነው ብዬ፣ ሌላ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ፤
የላይ የታቹ ሰው ተንጫጫ፣ የሻማው ቦታ ከራሴ ጠፋ።
ቆሜ ቀረሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ዮቶር ግን ግድግዳውን እየዳሰሰ ስድስት እርምጃ ቆጠረ፤
አንዲት ካርድ ነቅሎ
መዳፌ ላይ አኖረ።
በጣቴ ዳሰስኳት። ምንም አልተሳለባትም።

ጠዋት ሰው ሳይነሳ ምላጩን ፈለግሁ፤
የራሴን ሸሚዝ ገልብጬ
ማርኳን ፈታሁ።